ትምህርት ቤት ለመግባት የተጠየቅሁት ስም

ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያለው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ሴት ልጅ ይቀበላል የሚለውን ወሬ ቤታችን ያመጣው አባቴ ነው። አዳማ ጣቢያ መጋዘን ውስጥ ጆንያ አስጫኝ ነበር። ማንበብ ስለማይችል በየጆንያው ላይ በከሰል የራሱን ምልክት ያደርጋል፤ ለሞጆ አንድ ክብ፣ ለድሬዳዋ ሁለት መስመር። አንድ ክረምት ዝናብ ምልክቱን አጥቦት፣ ለሞጆ የነበረው ጨው ወደ መጣበት ተመልሶ ድሬዳዋ ገባ። ከዚያ ወዲህ ስለ ፊደል ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል።

«ትግባ» አለ። «ፊደል ፊደል ነው፤ ሃይማኖት የለውም።»

«ፊደሉ ባይኖረውም አስተማሪዎቹ አላቸው» አለች እናቴ። ሽሮ ትነፋ ነበር፤ ወንፊቱን አላቆመችም። «ጧት ጧት ያስጸልያሉ ተብሏል። ማተቧን ቢበጥሱባትስ? ረቡዕ ሥጋ ቢያበሏትስ? ያን ጊዜ የንስሐ አባታችን ፊት የሚቆሙት እርስዎ ነዎት?»

«እቆማለሁ።»

«ለቅዳሴ እንኳ ቆመው አያውቁም።»

አባቴ ሳቁን በሳል ሸፈነው። እኔ በሩ ጥግ ተቀምጬ አንዴ እሱን አንዴ እሷን አያለሁ። ሁለቱም የሚከራከሩት እኔን ብለው መሆኑ ይገርመኝ ነበር። አባቴ እንደ እሱ ሆኜ እንዳልቀር ይፈራል፤ እናቴ ደግሞ እንደ እሷ ሳልሆን እንዳልቀር።

በነጋታው እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እጄን ይዛ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰደችኝ። ለካ የራሷ ሐሳብ ነበራት። የኔታ ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ወንዶቹን ፊደል ያስቆጥራሉ።

«የኔታ፣ ይህችን ልጅ ያስተምሩልኝ።»

የኔታ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ልጄ፣ ወንዱ ዲያቆን ይሆናል፣ ቄስ ይሆናል። ይህችን አስተምሬ የት አስገባታለሁ?»

«ቤቷ ትገባለች። ዳዊቷን ይዛ።»

«ቤቷ ለመግባትማ ዳዊት አያሻትም።»

ወንዶቹ ሳቁ፤ አንዱ ምላሱን አወጣብኝ። እናቴ የየኔታን ጉልበት ስማ ተነሣች። እስከ ሐዲዱ ድረስ እየጎተተች ወሰደችኝ። እዚያ ስንደርስ ቆም ብላ «የገዛ ቤተ ክርስቲያኔ የገዛ ልጄን...» አለችና ሳትጨርሰው ተወችው። የቀረውን ቃል ዛሬም አስባለሁ። ጠይቄያት ግን አላውቅም።

ሰኞ ጧት ሦስታችንም ሚሲዮን ሄድን። ደንባቸው እናትም አባትም ቀርበው በየአፋቸው እንዲመልሱ ነው። ከወለጋ የመጡ ወጣት መምህር ትልቅ መዝገብ ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው አንዲት ፈረንጅ ሴት አለች። መምህሩ ብድግ ብለው በኦሮምኛ «አካም ቡልታን፣ እሜቴ?» ብለው እንዴት እንዳደረች ጠየቋት። ሞጆ አጠገብ ያደገችው እናቴ ሳታስበው በዚያው ቋንቋ «ነጋ፣ አካም ቡልቴ» ብላ መለሰች። ከዚያ በኋላ ግን ጠያቂዋ እሷ ሆነች።

«ይህ ቤት ማንን ይመልሳል?»

«ለጧት ጸሎት አልቆምም ያለን ልጅ።»

«እስላሙስ?»

«ይቆማል። አፉን ግን አናስከፍተውም። የነጋዴዎች ልጆች አሉን።»

«ማተቧስ?»

«የአንገቷ ነው። እኛ የምናየው እጇን መታጠቧን ነው።»

«ረቡዕና ዓርብ?»

«ምሳዋን ከቤቷ ይዛ ትመጣለች።»

አባቴ በክርኑ ጎሰም አደረገኝ። ገባሁ ብዬ ነበር። መምህሩ ብዕራቸውን ቀለም ነከር አድርገው «የክርስትና ስሟስ?» አሉ።

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበች። በእኛ ቤት የክርስትና ስም ለባዕድ አይነገርም፤ ክፉ ሰው ከሰማው መተት ይሠራበታል። እኔ ራሴ ስሜን የምሰማው ስቆርብ ብቻ ነበር። አባቴ ነገሩ እንዳይበላሽበት ቸኮለና አንድ ስም ጠራ። መምህሩ ጻፉት።

የእናቴ ፊት አመድ መሰለ። አባቴ በዕድሜው የሰማው የሴት የክርስትና ስም አንድ ብቻ ኖሯል፤ የእሷ።

«ፋቀው» አለች መምህሩን።

«የልጅቷ አይደለም?»

«አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

አባቴ ጫማ የሌለው እግሩን ያያል። መምህሩ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አዩና ገባቸው መሰለኝ፣ ስሙ እስኪጠፋ ድረስ ደጋግመው ሰረዙት። ፈረንጅዋ አንድ ነገር አለች። «ቦታው ባዶ ከሆነ አልተመዘገበችም ማለት ነው ይላሉ» አሉ መምህሩ ቀስ ብለው።

እናቴ ተነሥታ እጄን ያዘች። በሩ ላይ ደረስን። ከዚያ ዞር አለች።

«እኔ አልናገረውም። ራሷ ትጻፈው፣ መጻፍ ስትችል። እስከዚያ ቦታው ይቆይላት።»

መምህሩ ለፈረንጅዋ ተረጎሙላት። ሴትዮዋ አሰበች፣ እኔን አየች፣ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። «እስከ ገና» አሉ መምህሩ። «እስከ ገና ከጻፈችው ተማሪያችን ናት። ካልጻፈች ትመለሳለች።»

እንደዚያ ሆነ። ሌሎቹ ልጆች ፊደሉን ከ«ሀ» ጀምረው በተራ ሲቆጥሩ፣ እኔ በስሜ ውስጥ ያሉትን ፊደሎች ፍለጋ ገበታው ላይ ወዲያና ወዲህ እሮጥ ነበር። መምህሩን የትኛው ነው ብዬ መጠየቅ አልችልም፤ ከጠየቅሁ ስሙ ሊታወቅ ነው። ስለዚህ ስለ ሁሉም ፊደል ጠየቅኋቸው። ይህ ለምን እግሩ ተቆለመመ፣ ያኛው ለምን ቀለበት አጠለቀ፣ እያልኩ። ከክፍሉ ሁሉ ቀድሜ ገበታውን የጨረስኩት በዚህ ነው።

ገና ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው መምህሩ መዝገቡን ከፈቱልኝና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ጻፍኩ። አንዱ ፊደል ከመስመሩ ወርዶ ቀረ፣ አልሰረዝኩትም። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ እያልኩ ቆየሁና መዝገቡን ራሴ ዘጋሁት።

እናቴ ደጃፋችን ላይ ትጠብቀኝ ነበር።

«ጻፍሽው?»

«ጻፍኩት።»

«ማንም አላየም?»

«ፊታቸውን አዙረው ነበር።»

ግራና ቀኝ አየች። «ምን ይመስላል?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ቁጢጥ ብዬ አቧራው ላይ በጣቴ ጻፍኩላት። አጠገቤ ቁጢጥ አለች። ብዙ ጊዜ አየችው፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ከዚያም ከዚህም።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ትልቅ ይመስለኝ ነበር» አለችና በመዳፏ ደልድላ አጠፋችው።