የመሪጌታ ይግዛው ጥድና የአርበኞቹ ራዲዮ

የጋፋቱ መሪጌታ ይግዛው ባለፈው ሳምንት ማረፋቸውን ላልሰማችሁ ወዳጆቻቸው በሐዘን እነግራችኋለሁ። አጎቴ ነበሩ። በቀብራቸው ላይ ስለ ዜማቸውና ስለ ብራና ፋቂነታቸው ብዙ ተባለ፤ ስለ ባትሪው ግን አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልችልበትም።

በጣልያን ጊዜ እብናት በረሃ የነበሩት አርበኞቻችን የውጭ ወሬ የሚሰሙት በማረኩት ራዲዮ ብቻ ነበር። ባትሪው ሲሞት «ዓለም ከረሳን እጃችንን እንስጥ» የሚሉ በዙ። ባትሪውን ከነራዲዮው በጭድ ሸፍነው እጃቸው ብልሃተኛ ነው ብለው ወደ አጎቴ ላኩት። አጎቴ ቢከፍቱት፣ በውስጡ የተደረደሩት የእርሳስ ማዕድን ሰሌዳዎች እንዳይነካኩ በመካከላቸው የገባውን ስስ እንጨት አሲድ በልቶታል።

«ከብራና የሚጸና ምን አለ?» ብለው የፍየል ብራና ቆርጠው አስገቡ። «ጋሼ፣ አሲድ እኮ ቆዳ ይበላል!» ብል ማን ሰምቶኝ! ብራናው ቀልጦ ሙጫ ሆነ። እሳቸው ግን ሳቃቸውን ለቀቁት። «ስንት ዳዊት የተሸከመ ብራና ይህን አቃተው!»

ቀጥለው ጥድ እንደ ብራና ስስ አድርገው ፋቁ፤ ዝፍቱ እንዲወጣም በአመድ ውሃ ደጋግመው ቀቀሉት።

«ደግሞ እንጨት ለወጥ ይቀቅሉ ጀመር?» አሉ ባለቤታቸው።

«ዝም በይ፣ ገና ጨው አልገባበትም!»

ይኸኛው አሲዱን ቻለ። የጣልያን መኪና የሚነዳ ጎረቤታችን ባትሪውን በዚያው መኪና ላይ ገጥሞ ሞላልን። «ጠላትም አንዳንዴ ይጠቅማል» አሉ አጎቴ።

ጣልያኖቹ ምሳ በልተው በተኙበት ሰዓት ከሁለት አርበኞች ጋር በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ተሰበሰብን። ጦርነቱ ከአዲስ አበባ ትምህርት ቤት የመለሰኝ ፈረንሳይኛ አዋቂ እኔ ነኝና ጆሮዬን ራዲዮው ላይ ለጠፍኩ።

«ምን ይላል? ተናገሪ እንጂ!»

«ይቆዩ ጋሼ፣ ልስማበት!»

«ፈረንጅኛሽ እንደ ምላስሽ ቢፈጥን ምን አለበት!»

«ጣልያን ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ገጠመ!» አልኩ።

አጎቴ ከበሮ ሊያነሱ ሲሉ በነጠላቸው ጎትተን አስቀመጥናቸው። አርበኞቹ ወሬውን ይዘው በረሩ። ከዚያ በኋላ እጅ መስጠትን ያነሳ የለም።

ጋሼ፣ ይህ ሲነሳ «እንጨት ቀቀልኩ እንጂ ምን ሠራሁ?» ይሉ ነበር። መልሱ ይኸውልዎ። ባለፈው ሳምንት አስከሬንዎን ተሸክመው ዳገቱን የወጡት እነዚያ እጅ ሊሰጡ የነበሩት ሰዎች ናቸው፤ ልጆቻቸውም ከኋላ ይከተሉ ነበር። የሠሩት ይህን ነው። በሰላም ይረፉ።