ጋሽ ሸምሱ የወሰዷቸው አገሮች

ልጅ ሳለሁ ገርጂ ውስጥ፣ ከወንዙ ብዙም ሳንርቅ፣ ብዙ ቤተሰብ በሚኖርበት የኪራይ ግቢ ነበር የምንኖረው። ክረምት ላይ መብራት ሲጠፋ፣ ያኔ ደግሞ የማይጠፋበት ምሽት ጥቂት ነበር፣ የግቢው ልጆች ሁሉ ጋሽ ሸምሱ በረንዳ ላይ እንሰበሰባለን። ጋሽ ሸምሱ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጭነት ሲጭኑና ሲያወርዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን ናቸው። ፋኖሱን ከጀርባቸው ይሰቅሉና ከሰል ማንደጃው ላይ የበቆሎ እሸት ይደረድራሉ፤ እኛም ጭሱ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን፣ አፋችንን ከፍተን፣ በከፊል በቆሎውን፣ በከፊል ተረቱን እንጠብቃለን።

የሌላ ሰፈር ልጆች ስለ ጦጣና ስለ አንበሳ ሲሰሙ እኛ የምንሰማው ስለ ካርቶን ነበር። ጋሽ ሸምሱ አንድም ቀን አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም፤ ዓለምን የሚያውቋት በተጫነውና በወረደው ዕቃ ነው። ተረታቸውን የሚጀምሩትም በእንቆቅልሽ ነው።

«እንቆቅልሽ!» ይላሉ።

«ምን አውቅልሽ!» እንላለን በአንድ ድምፅ።

«ባዶ ጀሪካን፣ ሙሉ አውሮፕላን። ሰማዩ ምን ቢያደርግ ነው?»

ይሄ ቀላሉ ነው፤ ድርቅ ነው። ነገር ግን የአልጋ አጎበር ተጭኖ ወደ ብርዳም ደጋ ሲሄድስ? ይሄንን ማን ያውቃል! ያላወቀ ደግሞ እንደ ደንቡ አገር ይሰጣል። «በሉ አገር ስጡኝ» ይላሉ ጋሽ ሸምሱ በቆሎውን እያገላበጡ። እኛም ትምህርት ቤት ካርታ ላይ ያየነውን አንዱን አገር፣ ሞዛምቢክን ወይም ፔሩን፣ ያለ ምንም ስስት እንሰጣለን። ባንግላዴሽን ስንቴ እንደሰጠናት አላስታውስም። ሌላ ሰው ቢሆን አገሩን ተቀብሎ ይነግሥበት ነበር። እሳቸው ግን «ወስጄዋለሁ፤ ግን ምን ያደርግልኛል?» ብለው ሰማዩ በዚያ አገር ላይ የሠራውን መተረክ ይጀምራሉ።

ደጋው ሞቆ ትንኝ ስለወጣበት፣ ወባን በስም ብቻ የሚያውቀው ሕዝብ ታሞ ተኝቶ ነበር፤ አጎበሩ ለዚያ ነው። የዘር ከረጢት ከተጫነ፣ አንድ ቦታ ዝናብ ቀርቶ ገበሬው ለዘር ያስቀመጠውን እህል በልቶታል ማለት ነው። ከሐይቅ ዳር አገሮች በበረዶ ታሽጎ የሚያልፈው ዓሣ ደግሞ ከክብደቱ የተነሣ የጋሽ ሸምሱን ወገብ ይቆርጠው ነበር። አንድ ዓመት ግን ሙቀቱ በረታና ዓሣው ወደ ጥልቁ ሸሸ፤ አጥማጆቹ ባዶ መረብ ጎተቱ፤ ካርቶኑም አነሰ። «የኔ ወገብ ዳነ፣ የአጥማጁ ልጅ ግን ከትምህርት ቤት ቀረ» ይሉ ነበር። ይሄን ሁሉ ከየት እንደሚያመጡት አናውቅም። ግማሹን ከጭነቱ ጋር ከሚመጡት ሰዎች፣ ግማሹን ከሬድዮ የሰሙት ይመስለኛል፤ የጎደለውን ራሳቸው ሳይሞሉት አይቀሩም።

አንድ ምሽት «ጎርፍ ከሄደ በኋላ ምን ተጫነ?» ብለው ጠየቁን። ጀልባ አልን፣ ብርድ ልብስ አልን፣ አላገኘነውም።

«ጀልባው ቀድሞ ሄዷል። ከሳምንት በኋላ የተጫነው በውሃ የሚበጠበጥ ጨውና ስኳር ነው፣ በትንንሽ ከረጢት። ጎርፉ ሽንት ቤቱንና የሚጠጣውን ውሃ አገናኝቷቸው፣ ሕፃናቱን አስቀመጣቸው፣ የሰውነታቸው ውሃ አለቀ።»

እኛ «ሽንት ቤት» የሚለው ላይ በሳቅ ሞተናል።

በዚያው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ አንድ ከሰዓት ዝናቡ አላቆም አለና ወንዙ አጥሩን ጥሶ ግቢያችን ገባ። አመሻሹ ላይ ተመልሶ ሄደ፤ የተወልን ጭቃ፣ ፕላስቲክና ክፉ ሽታ ነበር። ጎርፉ የሰበረው የሰፈሩ የውሃ መስመር ከቀናት በኋላ ሲጠገን ደግሞ ከቧንቧው የሚወርደው ድፍርስ ነው። አባቴ ክፍለ ሀገር ነበር የሚሠራው፤ እናቴ ብቻዋን ናት። ውሃውን በባልዲ ታሳድረዋለች፤ ጭቃው ይዘቅጣል፣ ላዩ ኩልል ይላል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እያለች ከላይ ከላዩ ትቀዳና ለታናሽ ወንድሜ ለዮናስ ወተት ትበጠብጥለታለች። ዮናስ ገና ዓመት አልሞላውም።

ከዚያ ያስቀምጠው ጀመር። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች መጥታ አየችውና «ጥርስ ነው፤ ጥርስ ሊያወጣ ነው፣ የኔዎቹም እንዲህ ነበሩ» አለች። ያኔ እኛ ሰፈር የሕፃን ተቅማጥ ሁሉ ጥርስ ነበር። ሾላ ገበያ አካባቢ ድድ የምታሽ ሴት እንዳለችም ለእናቴ ነገረቻት፤ በማግስቱ ጠዋት ሊወስዱት ተስማሙ። እስከዚያው እናቴ የሚጠጣውን ቀነሰችበት፤ ያጠጣችው ሁሉ ስለሚወጣ ውሃው የጎዳው መስሏት ነበር።

የዚያን ዕለት ምሽት ጋሽ ሸምሱ በረንዳቸውን ከጭቃው አጽድተው ማንደጃቸውን አወጡ። እናቴም ዮናስን ታቅፋ ከእሳቱ አጠገብ ተቀመጠች።

«ምን ሆነብሽ ልጁ?» አሏት።

«ጥርስ ነው ጋሼ።»

«አይ፣ ጥርስ ክፉ ነው። አላህ ያሽረው» አሉና ወደ በቆሏቸው ተመለሱ። እሳቸውም አምነዋታል።

እኔ ዮናስን ከፋኖሱ ብርሃን ሥር አየሁት። ያለቅሳል፣ ድምፁ ግን ቀጥኗል፤ እንባም የለውም። ልጅ ነበርኩና ነገሩ የመጣልኝ እንደ ጨዋታ ነው።

«ጋሽ ሸምሱ፣ እኛም ጋ ጎርፍ ሄደ አይደል? ጨውና ስኳሩ ለኛም ይጫናል?» አልኳቸው።

እናቴ ልትቆጣኝ ዞር አለች። ጋሽ ሸምሱ ግን በቆሎውን እሳቱ ላይ ትተውት ተነሡ። የዮናስን ሆድ ቆዳ በጣታቸው ቆንጠጥ አድርገው ለቀቁት፤ ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቆየ።

«ተነሺ!» ብለው ጮኹባት። እናቴን ሲጮኹባት ሰምቼ አላውቅም። «ልጁ እየደረቀ ነው! የምን ጥርስ? ተነሺ ነው የምልሽ!»

እሳቸው ከፊት፣ እናቴ ከኋላ ሆነው ሮጡና ኮንትራት ታክሲ ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ። እኔ ከእትዬ ዘነበች ጋር ቀረሁ። እስኪመለሱ ድረስ ፈራሁ፤ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ዮናስ ያንኑ ጨውና ስኳር እየጠጣ ዳነ፤ ውሃው ኩልል ቢልም አፍልታ እንድትሰጠው ለእናቴ ነገሯት። ነርሷ «እስከ ጠዋት ብትቆዪ ኖሮ» ብላ ዓረፍተ ነገሩን እንዳልጨረሰችው እናቴ እስከ ዛሬ ታወራለች። እኔን ያመሰገነኝ ግን የለም፤ ከረሜላ እንኳን አላገኘሁም። ጋሽ ሸምሱ በራሳቸው ተናደው ሰነበቱ። «በዚህ እጄ ስንቱን ካርቶን ጫንኩት! የሰው አገር ነገር ነው ብዬ፣ ግቢዬ ሲገባ አላወቅሁትም» ይሉ ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ምሽት ጨዋታው ቀጠለ፤ እንቆቅልሹ ጠፋብኝና «አገር ስጪኝ» አሉኝ። ባንግላዴሽ ልላቸው ነበር። ግን እዚያም ዮናስን የሚያክል፣ ያለ እንባ የሚያለቅስ ልጅ ያለ መሰለኝና «የለኝም» አልኩ። ልጆቹ ሳቁብኝ። ጋሽ ሸምሱ አልሳቁም፤ «እሺ፣ ይቅር» ብለው የበሰለውን በቆሎ ሰጡኝ።

አሁን የምንኖረው አያት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጎርፍ አይደርስብንም፤ የቧንቧ ውሃም ቢሆን በፈረቃ ካልሆነ አይደርሰንም። ዮናስ ከእኔ በላይ ረዝሟል፤ ዝናብ ሲጥል ስጨነቅ እያየ ይቀልድብኛል። ዜና ላይ አንድ አገር በጎርፍ ተጥለቀለቀ ሲባል ሰው በጀልባ ሲወጣ ያሳዩናል፣ የሞተው ይቆጠራል፤ ከቀናት በኋላ ወሬው ሌላ ይሆናል። እኔ ግን ያኔ ነው የምጨነቀው። ውሃው ሄዶ፣ ካሜራውም ሄዶ፣ አንዲት እናት ባልዲዋ ላይ ጎንበስ ብላ «ኩልል ብሏል» የምትልበት ሳምንት ይመጣል። አገሯን አላውቀውም። «አፍልተሽ ስጪው» የሚላት አንድ ሰው አጠገቧ ይኑር እያልኩ ነው የምተኛው።