ቆይ እስቲ፣ ሴትዮዋ የት ትሄዳለች?

ልናገረውና ይውጣልኝ፤ ይሄ ሰውዬ ያስቀናኛል። ቅናት ስል ትንሽ ቆንጠጥ አድርጋ የምታልፈዋን አይደለም። ጠዋት ኮቱን ወንበሩ ላይ ሲሰቅል ካየሁት ጀምሮ ሆዴ ውስጥ ሲንተከተክ የሚውል፣ ምሳ ሰዓት ላይ ጉሮሮዬ የሚደርስ ቅናት ነው። ፊት ለፊት ነው የምንቀመጠው፤ ዓይኔን የማሳርፍበት ሌላ ቦታ የለኝም። መሥሪያ ቤታችን የተለያዩ አገሮችን ሕግ ያወዳድራል። አርቃቂዎች አዲስ ሕግ ሲያስቡ «ሌላው አገር ይሄን ነገር እንዴት አደረገው?» ብለው ወደ እኛ ይልካሉ፣ እኛ ቆፍረን እናቀርባለን።

ስሙን የሚያስታውስ የለም፤ «ቆይ እስቲ» ነው የምንለው። ምንም ቢነግሩት መጀመሪያ ከአፉ የሚወጣው እሱ ነው። ሻይ ይምጣልህ ሲሉት «ቆይ እስቲ»። ቤትህ እየተቃጠለ ነው ቢሉትም «ቆይ እስቲ፣ የትኛው ክፍል?» የሚል ይመስለኛል። ጸጉሩን የምትቆርጠው ሚስቱ ናት፤ አንዱ ጎን ሁልጊዜ ከሌላው ያጥራል። ማወዳደር ሥራው የሆነ ሰው የገዛ ራሱን ግራና ቀኝ አላወዳደረም! ደግሞ እርሳስ ያኝካል። የራሱን ቢሆን ምን ገዶኝ፣ የእኔን ነው የሚያኝከው።

እኔ ሦስት የውጭ ቋንቋ አቀላጥፌ አነባለሁ። እሱ ሁለቱን ሰባብሮ ይናገራል፣ ሦስተኛውንማ አንገቱን አንቆ ነው የሚያስወጣው። ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ ስልኩን ያነሳና ባሕር ማዶ ላለች የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ይደውላል። ስለ ልጆቿ ይጠይቃታል፣ ይሳሳታል፣ ታርመዋለች፣ አብረው ይስቃሉ። እኔ እንደሱ ብናገር ከሀፍረቴ የተነሳ ጠረጴዛ ሥር እገባ ነበር። እሱ እቴ!

አለቃችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ጡረታ ሊወጡ ሆነ። ወንበራቸውን ምን ያህል እንደምፈልጋት ለማንም ተንፍሼ አላውቅም፤ ያላወቀ ሰው ግን አልነበረም። አንድ ጠዋት ሁለታችንን ጠሩን።

«አዲስ የቤት ኪራይ ሕግ እየተረቀቀ ነው» አሉ። «ውሉ በባሏ ስም ሆኖ ባሏ የሞተባት ሴት ምን ትሁን የሚለው አርቃቂዎቹን ግራ አጋብቷቸዋል። ሦስት አገሮች ተመርጠዋል። ለየብቻ ሥሩት። ሥራውን የመረጥኩለት ሰው ኮሚቴው ፊት ያቀርባል። ወንበሬንም የምተወው ለሱ ነው።»

ይሄማ የእኔ ነው አልኩ። የሦስቱንም አገር የኪራይ ሕግ አውጥቼ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው አገር ውሉ እስኪያልቅ ያስቀምጣታል። ሁለተኛው፣ አብራው ትኖር ከነበረ ውሉን እንድትቀጥል ይፈቅድላታል። የሦስተኛውን ከመጀመሪያው አንቀጽ እስከ መጨረሻው አነበብኩት፣ ደንቡን አነበብኩ፣ መመሪያውን አነበብኩ፤ ስለ እሷ አንድ ቃል የለም። ሠንጠረዤ ላይ «ጥበቃ የለም» ብዬ ሞላሁ። ሠንጠረዡ እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ! ብቻዬን እያየሁት ፈገግ አልኩ።

ቆይ እስቲ ይሄኔ ገና አንድ ሕግ አልገለጠም። ስልክ ላይ ነበር።

«አንዲት ሴት አለች እንበል» ይላል። «ባሏ ሞተ። ውሉ በሱ ስም ነው። በቀብሩ ማግስት አከራዩ በሩን አንኳኳ፤ ልጆቿ አልተነሱም። አይ አይ፣ ሕጉን አይደለም የምጠይቅሽ። ሴትዮዋ የት ትሄዳለች? ማን ጋ ነው ሄዳ አቤት የምትለው?»

ይቺኑ ሴት፣ እነዚያኑ ልጆች፣ ያንኑ ማንኳኳት፣ አንዲት ቃል ሳይለውጥ ለሦስቱም አገር ላካት።

«ተረት ጀመርክ እንዴ?» አልኩት።

«ሕጉን በስሙ ከፈለግሽው እኮ የምታገኚው በዚያ ስም የተጻፈውን ብቻ ነው» አለኝ፣ እርሳሴን ከአፉ አውጥቶ። «እነሱ ሌላ ቦታ ደብቀውት ቢሆንስ? ችግሩ ግን የትም አገር ያው ነው። ስለዚህ ችግሩን ልኬ ማን እንደሚቀበለው አያለሁ።»

የሦስተኛው አገር ጸሐፊ ከት ብላ ስትስቅ እኔም ጋ ተሰማኝ። አከራዩ ምን ቆርጦት ያንኳኳል! እዚያ አገር ሚስትየዋ የባሏን ሞት ልታስመዘግብ ስትሄድ፣ መዝጋቢው እዚያው መስኮት ላይ የኪራይ ውሉን ወደ እሷ ስም ያዞርላታል። ትእዛዙ ያለው የኪራይ ሕጉ ውስጥ ሳይሆን የልደትና የሞት ምዝገባ ሕጉ ውስጥ ነው። ቆይ እስቲ በዚህም አልረካ። ሕጉን አስፈልጎ አነበበ፣ ከዚያ ወረቀት ላይ ብቻ እንዳይሆን ብሎ የፍርድ ቤት ጸሐፊና የተከራዮች ማኅበር ጋ ደወለ። ይሠራል አሉት። እኔ «ጥበቃ የለም» ያልኩት አገር ከሦስቱም አብልጦ የሚጠብቃት ሆኖ አረፈው!

ጋሼ የእሱን መረጡ። «ያንቺም ጥሩ ነው» አሉኝ። ይቺን «ም» የሰማ ሰው ያውቃታል። እንኳን ደስ አለህ ስለው ጥርሴን ነክሼ ነው፤ እሱ ደግሞ ሁለት እጄን ጨብጦ አልለቅም አለ።

የሚያቀርብበት ቀን አዲስ ጫማ አድርጌ ኋላ ተቀመጥኩ። ጫማውም ይነክሳል፣ ቅናቱም ይነክሳል። ቆይ እስቲ በዚያ በተንጋደደ ጸጉሩ መድረክ ላይ ወጣና በሕጉ ሳይሆን በሴትዮዋ ጀመረ።

«ልብስ ሰፊ ናት» አለ። «አከራዩ የስፌት መኪናዋን ኮሪደር ላይ አወጣው። አንድ እግሩ ተሰብሮ በጡብ ነበር የቆመው። መኪናውን አወጣና ጡቡን ግን አስቀረው። "ጡቡ የቤቱ ነው" አላት።»

አዳራሹ ሳቀ። የእኔ ጆሮ ጋለ። ጡቡን አውቀዋለኋ! የእኛ ቤት ጡብ ነው። አባዬ የሞተ ጊዜ ከቤት ያስወጡን እኛን ነው፤ ሴትዮዋ እማዬ ናት። አንድ ዝናባማ ቀን ዳቦ በእንቁላል እየበላን እኔው ራሴ ነግሬው ነበር፣ ያውም ለማሳቅ ያህል። አንተ ሌባ! አልኩ በሆዴ። ከመቀመጫዬ ብድግ ልል ነው፤ ወንበሯ ልትመለስልኝ ነው፣ አንቄ የምይዝበት ነገር አገኘሁ።

«ታሪኩ የእኔ አይደለም» አለ ወዲያው። «ያቺ ኋላ የተቀመጠችው ባልደረባዬ ናት የነገረችኝ። ሳላስፈቅዳት ስላወጣሁት እዚሁ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ጥያቄው የሷ ነው፤ እኔ የደወልኩት ብቻ ነኝ።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ወይኔ! ምናለ ቢሰርቀኝ ኖሮ! ቢሰርቀኝ እኮ ዕድሜ ልኬን ስጠላው እኖር ነበር፣ በንጹሕ ሕሊና። አሁን ምኑን ልያዝ?

ከኮሚቴው አንዷ፣ «ታዲያ ይቺን አንቀጽ እንዳለች ወስደን እኛም ሕጋችን ውስጥ ብናስገባትስ?» ብላ ጠየቀች።

«ቆይ እስቲ» አለ። «እዚያ ሞት የሚመዘግበውና ኪራይ የሚመዘግበው አንድ መስኮት ነው። እኛ ጋ ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ሰላምታ እንኳ አይለዋወጡም። መጀመሪያ እነሱ ይታረቁ።» እንደገና ተሳቀ። እኔም ሳላስበው ሳቅኩ፤ በሳቄም ተናደድኩ።

ከሥራ ስወጣ ቀጥታ እማዬ ጋ ሄድኩ። ዛሬም ትሰፋለች፤ መኪናው ያው የጥንቱ ነው፣ እግሩ ብቻ ተበይዷል። ገና ፊቴን ስታይ ገባት።

«ወንበሯን ለማን ሰጧት?»

«ለሱ።»

«ለዚያ እርሳስሽን ለሚበላው? ወግድ!»

ደስ አለኝ። እስቲ እማዬ እንኳ ከእኔ ጋር ትቅና አልኩ። ሁሉንም ዘረገፍኩላት፤ ሦስቱን አገሮች፣ ሠንጠረዤን፣ ጡቡን። ጡቡ ላይ ስደርስ ፈገግ አለች።

«እና እዚያ በሦስተኛው አገር ብንሆን ኖሮ ምን እንሆን ነበር?»

«አትወጪም ነበር። የአባዬን ሞት ስታስመዘግቢ ቤቱን እዚያው በስምሽ ያዞሩልሽ ነበር።»

ፔዳሉን የሚረግጠው እግሯ ቆመ።

«ማን ነው ይሄን ያገኘው?»

«እሱ ነዋ።»

«ምን ብሎ ጠይቆ?»

«ሴትዮዋ የት ትሄዳለች ብሎ።»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ጨርቁን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፣ እንደገና ዘረጋችው።

«ያን ቀን ያ ሁሉ ጎረቤት ዕቃችንን እየተራመደ ደረጃውን ወጣ፣ ወረደ» አለች። «አይዞሽ ያለኝ ብዙ ነው። የት ትሄጃለሽ ያለኝ ግን አንድ ሰው የለም። አንቺም ይኸው ሕግ ተምረሽ፣ የስንቱን አገር ሕግ አንብበሽ፣ አንድ ቀን ጠይቀሽኝ አታውቂም።»

ጡቡን አስታውሳለሁ፣ አከራዩ ያደረገውን ሹራብ አስታውሳለሁ። የት እንዳደርን ግን አላውቅም። ትንሽ ነበርኩ፤ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር መሰለኝ፣ ከዚያ ወዲህ የማስታውሰው ሌላውን ቤት ነው።

«ሰውየውን አንድ ቀን ይዘሽው ነይ» አለች፣ መነጽሯን እየጠረገች። «ለሱ እነግረዋለሁ።»

ለሱ! አንጀቴ ቅጥል አለ። ወንበሯን ወሰደ፣ እሺ። ጭብጨባውን ወሰደ፣ እሺ። እናቴ ይሄን ሁሉ ዘመን ሆዷ ውስጥ ያስቀመጠችውን ነገር ለዚያ ጸጉሩ ለተንጋደደ ሰውዬ ልትሰጥብኝ!

«ቆይ እስቲ እማዬ» አልኩ።

ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። እሷም ሰማችው። የሚነክሰውን ጫማዬን አውልቄ እግሯ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

«የት ሄድን?»