የጀልባዋ ሞተር ትንፋሽ

ከዘይት ጋር የተቀላቀለ ቤንዚን ሲሸተኝ፣ እዚህ ወረታ መኪና ተራ መሐል ቆሜም ቢሆን፣ ቀኝ አውራ ጣቴን ሙቀት ሙቀት ይለዋል።

በደርግ ጊዜ ነው። በተጋባን በዓመቱ ክረምቱ በረታና የፎገራ ሜዳ ከጣና ጋር አንድ ባሕር ሆነ። የምንኖረው ሐይቁ ዳር ካለች ጉብታ ላይ ነበር። ዘመድ ያጋባን ነንና እኔና ባለቤቴ ገና እንተፋፈር ነበር፤ እኔ «እርስዎ» እለዋለሁ፣ እሱም ከሥራ በቀር አያናግረኝም። ባሕር ዳር ጋራዥ ሲሠራ ሁለት እጆቹን እሳት በልቷቸው ነበር። ጣቶቹ ይታዘዛሉ እንጂ የነኩትን አያውቁም።

በዚያ ክረምት የሱን እናት ወባ ጣላቸው። ቄሱ አባቱ ሐይቁን አቋርጠን ባሕር ዳር እንድንወስዳቸው ፈለጉ። የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር አሮጌ ባለ ሞተር ጀልባ ነበረው፤ ከፋሲካ ወዲህ ግን ማንም አላስነሣውም። ባለቤቴ የሞተሩን ክዳን ከፈተ።

«ልጄ፣ እናትህ እየነደደች ብረት ትፈታለህ?»

«አባባ፣ መሐል ባሕር ላይ ከሚከዳን እዚሁ ይክዳን።»

የቤንዚኑን ቱቦ ነቀለ፤ ማርሹን ዜሮ ላይ አደረገ። እሳት የሚጭሩትን ሁለቱን ካንዴላዎች ፈታና የእሳት ገመዶቻቸውን ከሞተሩ ብረት ጋር አሰረ። «ብልጭታ ቤንዚኑን እንዳያገኘው» አለኝ። አባቱን ውኃ ከሚቀዝፈው ክንፍ አራቃቸው። ከዚያ ጣቶቹን አየ፤ ቀጥሎ እኔን።

«ነይ እስቲ፤ ካንዴላው የወጣበትን ቀዳዳ በአውራ ጣትሽ ድፈኚው። የኔ አይሰማም።»

የማስነሻውን ገመድ ሳበ። አየሩ ጣቴን ገፍቶ ቡፍ ብሎ ወጣ። ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ ግን እንደ ታመመ ጥጃ ትንፋሽ ለስለስ ብሎ ነካኝ። ደጋግሞ ሳበ፤ ያው ነው።

«ምን ይላል?»

ብሳሳት ሰው መግደሌ ነው። «ያኛው ይገፋል። ይኼኛው ይተነፍሳል እንጂ አይገፋም።»

ዳግመኛ አልጠየቀኝም። «እንግዲያ አንደኛው ደክሟል፤ በሐይቁ አንሄድም። ውኃ በዋጠው ሜዳ ወደ ወረታ ነው፤ እዚያ ቢከዳንም እግር ይደርሳል።»

ቄሱ ተቆጡ፤ መንገዱ ይረዝማል አሉ። እሱ ግን ካንዴላዎቹንና የቤንዚኑን ቱቦ መልሶ አሰረ፤ ሞተሩን አስነሥቶ እናቱን አሳፈረ፤ እኔም ተከትዬ ገባሁ።

ግማሽ መንገድ ላይ ሞተሩ አጉረመረመና ጠፋ። እንቁራሪቶቹ ብቻ ቀሩ። በስተኋላችን ጣና በማዕበል ነጭ ሆኗል። ባለቤቴ ዘሎ ወረደ፤ ውኃው ወገቡ አልደረሰም። ጀልባዋን መግፋት ጀመረ።

«አንተ! እሾህ አለ፣ እግርህን!» አልኩት።

ምን እንዳልኩ የገባኝ አማቴ ከጋቢያቸው ሥር ሲስቁ ነው። «ተመስገን፣ አፍ አወጣችሁ!» አሉ በዚያ ትኩሳታቸው።

ቀሚሴን ሸብ አድርጌ ወረድኩና ከጎኑ ሆኜ ገፋሁ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወረታ ደረስን። ጤና ጣቢያው ተቀበላቸው፤ ዳኑም። ከዚያም ብዙ ዘመን ኖሩ።

ስንገፋ፣ ጀልባዋ ጠርዝ ላይ እጁ ቀኝ እጄ ላይ ዐርፎ ነበር። ደረቁ መሬት እስኪታይ ድረስ እጄን ከሥሩ አላወጣሁም። ዐውቆት ይሁን ሳያውቀው፣ አንድ ቀን እጠይቀዋለሁ ስል ልጆች መጡ፣ ልጆችም አደጉ።

አምና በሐምሌ ዐረፈ። ሳልጠይቀው።