አርመንኛ ያልሆነችው ቃል

ጅቡቲ ከተማ፣ ጋቦዴ ሰፈር፣ እነ እትዬ አርሻሉይስ ቤት ተቀጥሬ ስገባ የእኔም የእትዬም ፀጉር ጥቁር ነበር። አሁን ሥራውን ትቼ ከከተማው ዳር ባልባላ ከልጄ ጋር እኖራለሁ። ዓርብ ዓርብ ግን ሚኒባስ ተሳፍሬ እሄዳለሁ፤ ዓርብ የከተማው የዕረፍት፣ የእትዬ ደግሞ የትምህርት ቀን ነው።

እትዬና ባለቤታቸው ጋሽ ኖራይር አዲስ አበባ የተወለዱ አርመኖች ናቸው። ወጣት ሳሉ ፈረንሳይ አገር፣ ማርሴይ፣ ዘመድ ዘንድ ሊሄዱ ጅቡቲ ድረስ መጡ። መርከቡ ሄደ፣ እነሱ ቀሩ። ለምን እንደቀሩ ስጠይቃቸው ጋሽ ኖራይር፣ "ሙቀቱ ጥሞን ነዋ!" ይሉኝ ነበር። እኔም ስቄ አልፈው ነበር።

እዚህ ከተማ ያሉት አርመኖች አንድ ሰፊ ጠረጴዛ ይበቃቸዋል። ልጆቻቸው በፈረንሳይኛ ይማራሉ፣ ውጭ በሶማልኛ ይጫወታሉ፤ የአያቶቻቸውን ቋንቋ ግን አያውቁም ነበር። ባልና ሚስቱ ይህ አንገብግቧቸው የባህልና የትምህርት ማኅበር አቋቋሙ። "ሊቀ መንበሩ እኔ ነኝ፤ የቀረው ሁሉ እሷ ናት" ይሉ ነበር ጋሽ ኖራይር። ትምህርት ቤቱ በረንዳው ነው። የአርመን ፊደሎቹን የሠሯቸው ጋሽ ኖራይር ናቸው፤ ወደብ አካባቢ የሚጣለውን የዕቃ መደርደሪያ ፓሌት እንጨት ቆርጠው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፣ ዘይት ቀብተው። ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ዳብሰው ይለያሉ። አንደኛው ፊደል ቁርጥ የኛን "ሀ" ይመስላል። እኔ "ሀ" ስል "ሴ ነው!" ብለው ይስቁብኛል።

ጋሽ ኖራይር ከሞቱ ወዲህ እትዬ ብቻቸውን ያስተምራሉ። ባለፈው ዓመት ወላጆቹ ተሰብስበው መጡ። "የምስክር ወረቀት ከሌለው ዓርብን ለፈረንሳይኛ ጥናት ብናውለው ይሻላል" አሉ፣ በትሕትና። ማርሴይ ውስጥ የአርመን ትምህርት ቤቶችን የሚያስተባብር አንድ ማኅበር አለ። እሱ ከተቀበለን ልጆቹ መጽሐፍም ምስክር ወረቀትም ያገኛሉ፤ ካልተቀበለን በረንዳው ይዘጋል። እትዬ ጠየቁ፤ ማኅበሩም አይታ የምትወስን መምህርት ላከ።

የመጡት ማዳም ሲርፑሂ ዘለግ ያሉ፣ መነጽራቸውን በቀጭን ሰንሰለት አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። እኔና እትዬ ማለዳ ተነስተን ቾረግ የሚሉትን እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ዳቦ ጋግረን ነበር፤ ማዳም አልነኩትም። ገና እንደተቀመጡ መብራት ሄደ፣ ቬንቲላተሩም ቆመ።

"ጀምር፣ ሻንት" አሉ እትዬ።

ሻንት ከልጆቹ ሁሉ ትንሹ ነው። ፊደሎቹን አንድ በአንድ እያነሳ ሲጠራ ግማሽ ላይ ጠፋበት። ላቡ በአፍንጫው ወረደ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ይኼኔ ታላቅ እህቱ ታሊን ከኋላ፣ "አይዞህ!" አለችው። ሌሎቹም ተቀበሏት፤ "አይዞህ! አይዞህ!" ሻንት አፍንጫውን በእጅጌው ጠርጎ እስከ መጨረሻው ዘለቀው።

ማዳም ግን እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። የሚያወሩት በአርመንኛ ነው፤ በረንዳው ላይ ለብዙ ዓመት በጆሮዬ ስለለመድኩት ይገባኛል።

"ያ ቃል ምንድን ነው?"

"አርመንኛ ነዋ" አለች ታሊን።

"እንዲህ የሚል አርመንኛ የለም።"

"መድዝ ማማ በየዓርቡ ትለን የለም እንዴ!" ልጆቹ እትዬን የሚጠሩት እንዲህ ነው፤ አያት ማለት ነው። "እናንተ አገር ገና አልደረሰ ይሆናል።"

ልጆቹ ሳቁ። ማዳም ወደ እትዬ ዞሩ። "የራሳቸውን ቋንቋ ከሌላው ካልለዩ እኔ ምን ብዬ ልመስክር?"

የእትዬ ፊት ቀላ። በእጃቸው አንዷን የጋሽ ኖራይርን ፊደል ጨብጠዋል። ከዚያ እኔ እንኳ በዚያ ሁሉ ዓመት ያልሰማሁትን ተናገሩ።

"ልክ ነዎት፣ አማርኛ ነው። ከአፌ ሲወጣ አይታወቀኝም። አያቴ ወላጆቿን ስደት መንገድ ላይ ቀብራ፣ ብቻዋን በመርከብ እዚህ ጅቡቲ ወረደች። የታሊን እኩያ ነበረች። የአዲስ አበባን ባቡር እየጠበቀች ጣቢያው በር ላይ ስታለቅስ፣ አንዲት ሐበሻ ሴት ጎንበስ ብላ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገችላትና ይችን ቃል አለቻት። ትርጉሟን አላወቀችም፤ ግን ያዘቻት። ቤታችን የሚነገረው አርመንኛ ነበር፤ ስንወድቅ፣ ሲያተኩሰን ግን አያቴ የምትለን ይችኑ ነው። እኔም መርከብ ልሳፈር መጥቼ ያንን በር ሳየው እግሬ እምቢ አለኝ። ኖራይርን እዚሁ እንኑር አልኩት።"

ማዳም ሲርፑሂ መነጽራቸውን አወለቁ።

"የእኔ አያት ማርሴይ ስትወርድ ማንም ምንም አላላትም" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ የእትዬን እጅ ያዙና፣ "አይ… ዞህ" አሏቸው።

በረንዳው በጩኸት ተናጋ። "ኧረ አይዞሽ ነው! ለሴት አይዞሽ!"

"ለትልቅ ሰው አይዞዎት!" አለ ሻንት፣ አሁን ተራው የሱ ሆኖ።

ማዳም ሳቁ። ሲስቁ የፊት ጥርሳቸው ፍንጭት መሆኑን አየሁ። "ለመለየቱስ ይለያሉ" አሉ፤ ቾረጉንም ያን ጊዜ ቆረሱ። "እንቀበላችኋለን። ግን ቃሏን ግድግዳው ላይ ስቀሏት፤ ከማን እንዳገኘናት ልጆቹ ይወቁ።"

በሚቀጥለው ዓርብ እትዬ ከፓሌት የተረፈ ጣውላ አመጡ። ከላይ በአርመን ፊደል ጽፈውባታል።

"ከሥሩ በአማርኛ አንቺ ጻፊ፣ ፀዳልዬ።"

"ኧረ እትዬ፣ የኔ ጽሑፍ ይንጋደዳል። እርስዎ ይጽፉት የለ?"

"የሰጠችን ያንቺ አገር ሰው ናት። አንቺው ጻፊያት።"

ጻፍኩ። "ዞ" ትንሽ ዘመመች። ሻንት፣ "ይቺኛዋ ልትወድቅ ነው፣ አይዞሽ በሏት!" ብሎ አሳቀን።

ያቺ ሴት ማን እንደነበረች የሚያውቅ የለም። ዘመድ ልትሸኝ መጥታ ይሆናል፤ ሎሚ ልትሸጥም ይሆናል። እኔም ወደዚህ ከተማ ስመጣ ከባቡር ወርጄ የወጣሁት በዚያው በር ነበር። አንዲት ወጣት ፈረንጅ ቆማ ጠበቀችኝ፤ ጓዜን ተቀበለችኝና "አይዞሽ" አለችኝ። ያኔ የገረመኝ አማርኛ መቻሏ ነበር። አሁን ዓርብ ዓርብ ጣውላዋ ሥር ስቀመጥ ለዚያች ሴትም ለእትዬም እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ።