«ተቃጠልሽ» ያላት ሰውዬ

«ተቃጠልሽ! ተቃጠልሽ እኮ! አትንቀሳቀሺ፣ ባለሽበት ቁሚ!»

በስልኩ ውስጥ የሰማሁት ይህን ነው። የወንድ ድምፅ። ልጄ ከወናጎ ደውላ «እማ፣ ዛሬ ትንሽ አመሻለሁ፣ ፎቶ ሊያነሳኝ ነው» አለችኝና ስልኩን ሳትዘጋው ኪሷ ከተተችው መሰለኝ። እኔ ዲላ፣ ሰልባጅ ዘርግቼ የምሸጥበት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነበር። ስልኩን ከጆሮዬ አላነሳሁም። የሰው ወሬ ተደብቆ መስማት ነውር ነው ይሉኝ ይሆናል። ይበሉኝ።

ሰውዬው ቀጠለ። «ፀጉርሽ እንዳለ ተቃጥሏል። ፊትሽ ደግሞ ጠቁሯል፣ ዓይንሽ የለም። ፀሐይዋ በቀጥታ መታችን።» ከዚያ ልጄ አንድ ድምፅ አሰማች። ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁትም። ስልኩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል ዝግ ነው አለኝ።

ከጎኔ ያለችው ባለሱቅ አየችኝ። «ምነው አንቺ፣ ፊትሽ አመድ መሰለ?»

«ልጄን አቃጠሏት።»

«ማን?»

«ካሜራ የያዘው።»

«አላልኩሽም?» አለች፣ ጠዋት ስነግራት ምንም ሳትለኝ። «ደህና ሰው ቢሆን ጠዋት ሰው ባለበት አያነሳትም? ሠራተኛው ሁሉ ከወጣ በኋላ ምን አስጠበቀው?»

እኔንም ከትናንት ጀምሮ ያሳሰበኝ ይኸው ነበር። ልጄ የምትሠራው ቡና ማጠቢያ ነው። ቡናው በሚሰጣበት የሽቦ አልጋ ዳር ቆማ የተበላሸውን ፍሬ ትለቅማለች። ፎቶ አንሺውን ከአዲስ አበባ ያስመጡት የማጠቢያው ባለቤት ናቸው፣ የቡናው ከረጢት ላይ የሚለጠፍ ፎቶ ፈልገው። ልጄን መረጠ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው የማነሳሽ አላት፣ ጀርባሽን ለፀሐይ ስጪ አላት። ይህን ስትነግረኝ ደስታዋ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር፤ ደስ ያላለው እኔን ነው። በኛ ጊዜ ፎቶ ቤት ስንገባ አገጫችንን ቀና አድርገው ወደ መብራቱ ነበር የሚያዞሩን። መልካም ነገር ያሰበ ሰው የሰውን ልጅ ፊት ከብርሃን ይደብቃል?

ሰልባጁን ለባለሱቋ ጥዬ፣ ጃንጥላዬን ይዤ መናኸሪያ ሮጥኩ። ረዳቱ «ወናጎ! ይርጋጨፌ! ማዘር፣ ግቢ፣ አንድ ሰው ነው የቀረን» አለኝ። ገባሁ። ሚኒባሱ ግን አይነቃነቅም።

«አንድ ሰው አልክ፤ ይኸው ገባሁ፣ ንዱ እንጂ!»

«ማዘር፣ አንቺ ቀጭን ነሽ፣ ግማሽ ሰው ይቀረናል።»

መኪናው በሙሉ ሳቀ። እኔ የልጄን ፀጉር እያሰብኩ ነበር።

ወናጎ ወርጄ በባጃጅ ቡና ማጠቢያው በር ላይ ደረስኩ። ዘበኛው አጥሩን ተደግፎ ቆሟል።

«ልጄ የት ናት?»

«አለ። ውስጥ ነው። ደህና ነው።»

«ማን ነው ደህናው? ሰውዬው ነው ወይስ ልጄ?»

«ልጅሽ ነዋ! ፎቶ ይነሳል።»

እዚህ አገር ሴቱንም ወንዱንም «ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው። ዕድሜዬን የኖርኩበት ነው፣ ከደንበኞቼም ጋር እንዲሁ ነው የምንግባባው። ያን ቀን ግን ልጄን ደብቆ ስለ ሌላ ሰው የሚያወራኝ መሰለኝ። ገፍቼው አለፍኩ።

በአልጋዎቹ መካከል ቆማ አየኋት። ፀሐይዋ ከኋላዋ ዓይኔ ውስጥ ገባችና ፊቷ ጥቁር ሆኖ ታየኝ፣ ዓይን የለው፣ አፍንጫ የለው። እውነት ነው አልኩ። ሮጬ ያዝኳትና ወደ ብርሃኑ አዞርኳት። ፀጉሯን አሸተትኩት። ቅባት ቅባት ይላል እንጂ የተቃጠለ ነገር አይሸትም።

«ኧረ እማ! ምን ሆነሻል?»

«ተቃጠልሽ ሲልሽ ሰማሁት!»

ሰውዬው ካሜራውን ደረቱ ላይ አድርጎ ተነሳ። ልጅ እግር ነው። «እናቴ፣ ፎቶው ነው የተቃጠለው። ብርሃን ሲበዛ ተቃጠለ ነው የምንለው።»

«ፎቶው ከሆነ እሷን ለምን ተቃጠልሽ አልካት?»

«አፌ ለምዶ ነው።»

«አፍህ እስኪለምድ ስንቷን አቃጥለሃል?»

ልጄ ሳቀች። እኔ ግን «ፎቶውን አሳየኝ» አልኩት። አሳየኝ። ሰማዩ ነጭ ወረቀት መስሏል፣ የፀጉሯ ዳር ዳር በነጩ ተበልቷል፣ ፊቷ ጥላሸት ነው። አንገቷ ላይ ደግሞ አረንጓዴ ክብ ነገር ተቀምጧል።

«ይሄስ አንገቷ ላይ ያሰርክባት?»

«ፀሐይዋ ናት፣ እናቴ። ካሜራው ፊት ለፊት መስታወት አለ። ፀሐይዋ ቀጥታ ስትገባበት ብርሃኑ እዚያው ውስጥ ሲንጸባረቅ እንዲህ ክብ ይሠራል።»

አላመንኩትም። «እኔን አንሳኝ» ብዬ ልጄ የቆመችበት ቦታ ቆምኩ። አነሳኝ። የኔም ፊት ጠቁሯል፣ ክቡ ግንባሬ ላይ ወጥቷል። ልቤ ትንሽ ተመለሰ። ትንሽ ብቻ።

«እንዲህ እንደሚያበላሽ እያወቅህ ወደ ፀሐይ ምን አዞረህ?»

ፊቷን ወደ ፀሐይ ካዞረች ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ከኋላዋ ሲሆን ግን ቡናውም ፀጉሯም ያበራል አለኝ። ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሄዶ ፀሐይዋን ከአንድ ጥላ ዛፍ ግንድ ኋላ ደበቃት። ክቡ ጠፋ። ከዚያ ዛፍ የሌለበት ቦታ ሊያቆማት ፈለገና ካሜራውን ከፀሐይዋ ልጋርድበት ብሎ ጃንጥላዬን ለመነኝ።

«አልሰጥህም። እኔው እይዘዋለሁ» አልኩ። አጠገቡ ከቆምኩ የሚሠራውን ሁሉ አያለሁ።

ጥላው መስታወቱ ላይ እስኪወድቅ ዘቅዘቅ አደረግሁት። «ትንሽ ከፍ፣ እናቴ፤ ጫፉ ፎቶው ውስጥ ገባ።» ከፍ አደረግሁ። «አሁን ብርሃኑን ከፊቷ ላይ ልለካ ነው። ሰማዩ ግን ይቃጠላል።»

«ይቃጠል! ሰማዩን ማን ጠየቀህ? የልጄን ፊት አውጣልኝ!»

አወጣው። ሁለት ዓይኗ፣ ጉንጯ፣ የሳቀችው ሳቅ ሳይቀር። ሰማዩ ነጥቷል፣ ግድ የለኝም። ጥቁሮቹን ፎቶዎች አጥፋ አልኩት፣ እያየሁት አጠፋቸው።

«ሊመሽ ነው፣ ዲላ ላድርሳችሁ» አለ ዕቃውን እየሰበሰበ።

«እግዜር ይስጥልን፣ በእግራችን እንወጣለን።»

ልጄ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ፎቶውን አመንኩ እንጂ መኪናውን መች አመንኩ? ወደ አስፋልቱ ስንወጣ መኪናው ጥሩምባ ነፍቶልን አለፈ። ልጄን ወደ ዳር ሳብኳት። ባጃጅ በቆመልን ቁጥር መጀመሪያ የሾፌሩን ፊት አይ ነበር፤ ሁለቱን መለስኳቸው። ሚኒባሱ ውስጥም እሷን መስኮቱ ጋ አስቀምጬ እኔ በዚህ በኩል ሆንኩ።

«እማ፣ ሰው ፊት አሳፈርሽኝ» አለችኝ ቀስ ብላ።

«እፈሪ። ብቻ አጠገቤ ሆነሽ እፈሪ።»

ዲላ ስንደርስ ለዓይን ያዝ አድርጎ ነበር። ቤታችን ገባን፣ በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩት። ልጄ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ልትታጠብ ውሃ ቀዳች። ፀጉሯም ደህና ነው፣ ዓይኗም ደህና ነው። ሁለታችንም ቤታችን ገብተናል፣ ምንም አልሆንንም።