የጎደሉት ስምንት ዓመታት

ባለፈው ማክሰኞ ቡልጋሪያ ማዞሪያ ታክሲ ስጠብቅ አንዲት ሴት ወረቀት ሰጠችኝ። ከትንቢት ላይ ደምሮና ቀንሶ የዓለምን መጨረሻ ያወጣ ሰው የጻፈው ነው። እኔ ደግሞ ቁጥር ያለበት ወረቀት ይዤ ዝም ማለት አልችልም። ታክሲው ውስጥ እስክሪብቶ አወጣሁና ማረም ጀመርኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ ስደርስ ግን ወንድሜ ትዝ አለኝና እስክሪብቶዬን መለስኩት።

ነገሩ የሆነው በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ ክረምት ላይ ነው። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ካዛንቺስ አንድ ቢሮ ደብዳቤ እተይብና አርም ነበር። ሥራዬ የሰው ስሕተት መልቀም ስለነበር አመሌም ያው ሆነ፤ ሰው "ደህና አደርሽ?" ሲለኝ እንኳ "ምን ፈልጎ ነው?" የምል ሴት ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ ሰሎሞን ግን የነገሩትን ሁሉ በጥሞና የሚሰማ፣ ጠብ የማይወድ ሰው ነው። አባታችን ከሞተ በኋላ ያስተማረኝ እሱ ነው።

በዚያ ክረምት ሰሎሞን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጥፋት ጀመረ። እማዬ አጠያይቃ ደረሰችበት። የሚውለው ጋሽ ደረጀ ቤት ነው። ጋሽ ደረጀ ጡረታ የወጡ መሬት ቀያሽ ናቸው፤ የባሃኢ እምነት ተከታይ ናቸው ይባላል። ባሃኢ ምን እንደሆነ ሰፈራችን ውስጥ በወጉ የሚያውቅ አልነበረም፤ ባይታወቅም ግን መጥፎ ነው ተብሎ ተደምድሟል። እማዬ ቂርቆስ ሄዳ ተሳለች፤ ከዚያ ሰሎሞንን ፊቷ አስቀምጣ "ወይ እነሱን ወይ እኔን!" አለችው። እሱ ቅዳሜ ሲደርስ ያው ሄደ። እሷም እህል ተወች። ጠዋት አንድ ኩባያ ውሃ፣ ማታ አንድ ጭብጥ ቆሎ፣ በቃ። በሁለተኛው ሳምንት ቀሚሷ ሰፋት።

"አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ሄደሽ ምን እንደሚሉት እይልኝ" አለችኝ።

ቅዳሜ ተከተልኩት። ጭቃው ጫማ ያስቀራል። መንገድ ላይ የተጠበሰ በቆሎ ገዝቼ እየፈለፈልኩ፣ ሰው የምሰልል ሳይሆን የምንሸራሸር መስዬ ሄድኩ። በር ላይ ጋሽ ደረጀ አዩኝና "ሂሩት ነሽ አይደል? ነይ ግቢ፣ ዝናቡ መጣ" አሉኝ። ስሜን እንዴት አወቁ? ውስጥ አምስት ስድስት ሰው ሻይና አምባሻ ይዞ ተቀምጧል። ሻዩን አልቀመስኩትም፤ ምን እንዳለበት ማን ያውቃል!

"በትንቢት አንድ ቀን እንደ አንድ ዓመት ይቆጠራል" አሉ ጋሽ ደረጀ። "ዳንኤል ያያቸው ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ቀኖች ዓመታት ናቸው። ኢየሩሳሌም ትታነጽ የሚለው የፋርስ ንጉሥ ትእዛዝ የወጣው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ457 ነው። ከዚያ ጀምረሽ ብትቆጥሪ፣ በፋርስ አገር አዲሱ የእግዚአብሔር መልእክተኛ የተነሳበት ዓመት ላይ ትደርሻለሽ።"

"ለምን ከዚያ ትእዛዝ? ሌላ ትእዛዝ አልነበረም?" አልኳቸው።

"ነበረ እንጂ። ጥሩ ጥያቄ ነው።"

ሰው ጥያቄዬን ሲያደንቅልኝ ጭራሽ ይብስብኛል። እሑድ ጠዋት ሰሎሞን የጋሽ ደረጀን ትምህርት የሚጽፍበትን ደብተር አንስቼ ቁጭ አልኩ። ከ2300 ላይ 457 ስቀንስ 1843 መጣ። ደብተሩ "ዜሮ የሚባል ዓመት ስለሌለ አንድ ይጨመር" ይላል። አንድ ይጨመር የሚል ስሌት አልወድም፤ ቢሆንም ጨመርኩ፣ 1844 ሆነ። ገጹን ስገልጥ መልእክተኛው የተነሳው "በግንቦት 1836 ዓ.ም" ተብሎ ተጽፏል። እሰይ! ያዝኳቸው!

ሰሎሞንን ጠርቼ እማዬ ፊት ዘረገፍኩት። "ትንቢትህ ስምንት ዓመት ጎድሎታል! ቀያሽ ነኝ ይላሉ እንጂ ቁጥር እንኳ አልገጠመላቸውም!"

ሰሎሞን ደብተሩን ተቀብሎ ብዙ አየው። ከዚያ እማዬን አየ። ከዚያ እኔን።

"እውነትሽን ነው" አለ፤ "አይገጥምም።"

እማዬ እልል አለች። ሽሮ ቀረበላትና በላች፤ እኔም ጮቤ ረገጥኩ። ሰሎሞን ከዚያ ወዲህ ጋሽ ደረጀ ቤት አልሄደም።

ጥቅምት ላይ አንድ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ይፈልጋል ተባልኩና ቅጽ ልሞላ ሄድኩ። የትውልድ ዘመን በፈረንጅ አቆጣጠር ይላል። እንደ ልማዴ የእኛውን ዓመት ስምንት ጨምሬ ወደ እነሱ ስመልስ ክው ብዬ ቀረሁ። የጋሽ ደረጀ ስሌት ከመነሻው በፈረንጅ ነበር፤ 1844ም የፈረንጅ ነው። 1836 ደግሞ የእኛ ነው። ምንም የጎደለ የለም፣ ያው አንድ ዓመት ነው! ይህንን በየቀኑ ደብዳቤ ላይ የማደርገው እኔ ነኝ፤ ለመያዝ ስቸኩል ግን አልታየኝም።

በዚያው ሳምንት ጋሽ ደረጀን ካዛንቺስ ታክሲ ተራ አገኘኋቸው። "ጋሼ፣ ደብተሩ ላይ ያለው 1836..." አልኩ።

"እ፣ እሱን የጻፈው ሰሎሞን ነው" አሉ ፈገግ ብለው። "እኔ በፈረንጁ ነው የምጽፈው። እሱ ነው ወደ እኛ የመለሰው፤ 'እህቴ ብታየው እንዳይምታታባት' ብሎ። ለመሆኑ ደህና ነው? ጠፋብን እኮ።"

"ደህና ነው" አልኩ። አፈርኩ፤ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

እኔ ዛሬም በትንቢት ቆጠራ አላምንም። ሌላውን ትእዛዝ ቢይዙ ሌላ ዓመት ይወጣል ብዬ እከራከራለሁ። ግን ወንድሜ የተሸነፈው በእኔ ሒሳብ አልነበረም። እናታችን እንድትበላ፣ እኔም በእሷ ፊት እንዳላፍር ብሎ ያላመነበትን "እውነትሽን ነው" አለ፤ እኔ ደግሞ እውነቱን ካወቅሁ በኋላ እንኳ አፌን ዘጋሁ።

እማዬ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። አሁን ለእሷ ብለን የምንደብቀው ነገር የለም። ሰሎሞን ጸጉሩ ሸብቷል፤ እሑድ እሑድ ምሳ እኔ ቤት ይበላል። ያኔ ባልይዝህ ኖሮ በዚያ እምነት ትገፋበት ነበር ወይ ብዬ ልጠይቀው እልና ወጥ እጨምርለታለሁ። በሰው ሁሉ ነገር እጠራጠራለሁ፤ የዚህን ጥያቄ መልስ ግን ሳልጠራጠር አውቀዋለሁ፤ ለዚያ ነው የማልጠይቀው።